በ2.6 ሐኪም ለመሆን፦ መጀመሪያ ቆጣሪውን እወቁ

ድሬዳዋ ከዚራ በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ሐረር ሸዋ በር ከፊት ለፊት፣ ሳቢያን በአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የትም ይሁን የት ጥያቄው አንድ ነው፦ «ግሬዴ 2.6 ነው። ሕክምና መግባት እችላለሁ?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ በነርስነት፣ በጤና መኮንንነት፣ በላቦራቶሪ ወይም በባዮሎጂ ተመርቋል፤ ሥራም ይዟል። የሚጠብቀው መልስ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ጓደኞቹ «ተወው፣ አይሞከርም» ይሉታል፤ እናቱ «ልጄ ምን ያቅተዋል» ይላሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው፣ ሁለቱም ግን ያላዩት ነገር አለ። 2.6 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ማን ይቆጥረዋል? እንዴት ይቆጥረዋል? መልሱ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ውጤትን በሁለት መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል፦ እንደ ወንፊት ወይም እንደ ሚዛን። ወንፊት ከሆነ ዝቅተኛው ወለል ይቀመጣል፤ ከወለሉ በታች ያለ ማመልከቻ አይነበብም፣ በላይ ያለው ያልፋል፣ ካለፈ በኋላ 2.6ም 3.6ም እኩል ናቸው። ሚዛን ከሆነ ግን ነጥባችሁ በመቶኛ ተሰልቶ ከፈተናውና ከቃለ መጠይቁ ጋር ይደመራል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ነው ለወራት የሚደክመው። ወለሉ 2.75 በሆነበት ቦታ 2.6 ይዞ ፈተና ማጥናት ልፋት ብቻ ነው። ወለሉ 2.5 በሆነበት ቦታ ደግሞ «ግሬዴ አይረባም» ብሎ ሳያመለክቱ መቅረት ከዚያ የባሰ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው በሩ የተከፈተው በ2004 ዓ.ም. በተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ነው። በጤና ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ የተመረቁ ሰዎች ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደሚገባ ተማሪ ከዜሮ ሳይጀምሩ ባጠረ ጊዜ ሐኪም እንዲሆኑ የታሰበ ነው። መግቢያው የቀድሞ ውጤትን፣ የጽሑፍ ፈተናንና ቃለ መጠይቅን ያጣምራል። ማስታወቂያው ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ፣ ከተቋም ወደ ተቋም ይለያያል። ስለዚህ ጓደኛ በቴሌግራም የላከውን የአምናውን ፎቶ ይዛችሁ አትወስኑ። የዘንድሮውን ማስታወቂያ ከተቋሙ ከራሱ አግኙና ሦስት ነገር በእርሳስ አስምሩበት፦ ዝቅተኛው ነጥብ ስንት ነው፣ ተቀባይነት ያላቸው የትምህርት ዘርፎች የትኞቹ ናቸው፣ ስንት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። በነጥብ ምክንያት ወደቅሁ ከሚለው ሰው መካከል በእርግጥ የወደቀው ዘርፉ ስላልተካተተ ወይም የአሠሪው መልቀቂያ ስላልቀረበ የሆነ አይጠፋም።

ሚዛኑን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል አንድ ማስታወቂያ ለቀድሞ ውጤት 30፣ ለፈተና 60፣ ለቃለ መጠይቅ 10 ከመቶ ሰጠ እንበል። 2.6 ያለው ሰው ከ30 ላይ 19.5 ያገኛል። 3.4 ያለው 25.5 ያገኛል። ልዩነቱ 6 ነጥብ ነው። ያንን 6 ነጥብ በፈተናው ለመመለስ ከመቶ 10 ብልጫ ይበቃል፦ 2.6 ያለው በፈተናው 75 ካመጣ፣ 3.4 ያለው ደግሞ 65 ካመጣ፣ ከቃለ መጠይቁ በፊት የሁለቱም ድምር 64.5 ነው። አራት ዓመት የፈጀ ልዩነት በአንድ ቀን ፈተና በአሥር ጥያቄ ይካካሳል ማለት ነው። ይህን ስሌት በእውነተኛው ማስታወቂያ ቁጥሮች ራሳችሁ ሠርታችሁ ብታዩት ስንት ማምጣት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ፤ «በደንብ ማጥናት አለብኝ» ከሚለው ይልቅ «81 ያስፈልገኛል» ብሎ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበውን መንገድ እንየው፦ ነጥቡን ማሳደግ። 140 ክሬዲት አወር ጨርሶ 2.60 የያዘ ሰው አማካዩን ወደ 3.00 ለማድረስ ምን ይፈልጋል? 140 በ2.60 ሲባዛ 364 ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚወስደው ኮርስ ሁሉ ኤ ቢሆን እንኳ 56 ክሬዲት አወር ያስፈልገዋል፤ ይህ የሦስት ሴሚስተር ሙሉ ጭነት ነው። አማካዩ ቢ ፕላስ ከሆነ ደግሞ 112 ይሆናል፣ ሌላ ዲግሪ ማለት ነው። የተመረቀ ሰው አማካይ ደርቋል። ሁለተኛ ዲግሪም አያነቃንቀውም፤ የማስተርስ ውጤት በራሱ ትራንስክሪፕት ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ኋላ ሄዶ የመጀመሪያውን አያድስም። ለሙያው ብላችሁ ማስተርስ ብትማሩ መልካም ነው። የድሮውን ነጥብ ለመሸፈን ብላችሁ ከሆነ ግን ሁለት ዓመትና ብዙ ገንዘብ ነው የሚበላው።

ገና ያልተመረቃችሁ ግን ሌላ ጉዳይ ናችሁ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ኮርስ መድገም ከፈቀደና የመጨረሻው ውጤት የሚተካ ከሆነ፣ የትኛውን እንደምትደግሙ በስሜት ሳይሆን በክብደት ምረጡ። ባለ 5 ክሬዲት ፊዚዮሎጂ ላይ ያለን ዲ ወደ ቢ ፕላስ መለወጥ 12.5 ነጥብ ያስገኛል፤ ለ140 ሲካፈል 2.60 የነበረው 2.69 ይሆናል። ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ላይ ያለን ሲ ወደ ኤ መለወጥ 0.03 እንኳ አይሞላም። ከዚያ ጋር ያልተሟላ ውጤት፣ ያ ኤንጂ ወይም ኢንኮምፕሊት የሚባለው፣ ካለባችሁ ዛሬውኑ ሬጅስትራር ሂዱ። ቀነ ገደቡ ካለፈ ወደ ኤፍ ሊለወጥ ይችላል። መምህሩ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወረ ደግሞ ማስተካከያው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ቁጥሩ የማይነቃነቅ ከሆነ የሚነቃነቀው ከቁጥሩ ሥር ያለው እውቀት ነው። እዚህ ላይ መታለል አይገባም። ዝቅተኛ ነጥብ አንዳንድ ጊዜ ግፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቀዳዳ ነው። ትራንስክሪፕታችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ውጤቱ የት እንደወደቀ በቀይ አክብቡ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወድቆ ከዚያ ያደገ አለ፤ ከቤት መራቅ፣ ዶርም፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሌክቸር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥቶበት ነው። በአንድ ሴሚስተር ብቻ የተሰበረ አለ፤ ሕመም ወይም ሐዘን ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ በቃል ሊገለጹ፣ በፈተናም ሊስተባበሉ ይችላሉ። ሦስተኛው ዓይነት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲ እና ሲ ፕላስ የተደረደረበት ነው። ይህ ሰው የአጠናን ዘዴው ራሱ ነው የወደቀው፤ ሰዓት ቢጨምርም ያንኑ ውጤት ያመጣል።

የወደቀው ዘዴ የሃንድአውት ጥናት ነው። አንድ ምሳሌ በቅርበት ላሳይ። በድሬ ሙቀት አጣዳፊ ተቅማጥ ይዞት ድል ጮራ ሆስፒታል የገባ ሰው አለ። የልብ ምቱ ለምን ፈጠነ? በሃንድአውት ያጠና ተማሪ «ፈሳሽ ሲያንስ የልብ ምት ይጨምራል» ይላል። ትክክል ነው፣ ግን እዚያው ይቆማል። የገባው ተማሪ እንዲህ ይሄዳል፦ ፈሳሽ ሲወጣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል፤ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው መጠን ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 72 ጊዜ ሲረጭ ወደ 5 ሊትር ይሆናል። በአንድ ምት የሚረጨው ወደ 50 ሚሊ ሊትር ከወረደ ያንኑ 5 ሊትር ለማዳረስ ልብ 100 ጊዜ መምታት አለባት። የግፊቱን መውረድ የሚያውቁት በአንገትና በደረት ትልልቅ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያሉት ስሜት ሕዋሳት ናቸው፤ ለአንጎል ይነግራሉ፣ አንጎልም ልብን የሚያፈጥኑትንና የደም ሥሮችን የሚያጠብቡትን ሲምፓቴቲክ ነርቮች ያነሣሣል። እጅና እግሩ የቀዘቀዘውም፣ ሽንቱ የቀነሰውም ከዚሁ ሰንሰለት ነው። ፈታኙ ጥያቄውን ከየትኛውም ቀለበት ቢጀምረው ይህ ተማሪ ይመልሰዋል። ያኛው ግን ጥያቄው ሃንድአውቱ ላይ በተጻፈበት አነጋገር ካልመጣ ይጠፋበታል።

ስለዚህ ለፈተና ስትዘጋጁ አንድ ወፍራም ደብተር ለስህተት ብቻ መድቡ። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ፣ የመረጣችሁትን፣ ትክክለኛውን፣ በመጨረሻም ለምን እንደተሳሳታችሁ ጻፉ። «ለምን» የሚለው ከሦስት አንዱ ነው፦ አላውቀውም ነበር፣ አውቀው ነበር ግን ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩም፣ ወይም በሁለት መልስ መካከል ገምቼ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ስትቆጥሩት ከሦስቱ አንዱ አመዝኖ ታገኙታላችሁ። ጥያቄውን እየሳተ የሚያነብ ሰው አዲስ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ዝግ ብሎ ማንበብና «የማይሆነው የቱ ነው» የሚለውን ቃል ማክበብ ነው የሚያስፈልገው።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። በፈረቃ የሚሠራ ነርስ በቀን አምስት ሰዓት አጠናለሁ ቢል በሦስተኛው ሳምንት ያቋርጣል። በሳምንት 12 ሰዓት ለ26 ሳምንት ግን ከ300 ሰዓት በላይ ነው፣ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ድሬ ላይ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ያለው ሙቀት ጭንቅላት አያሠራም፤ ከሌሊቱ አሥር እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ያለው ቅዝቃዜ ግን ወርቅ ነው። የሌሊት ተረኛ የነበረ ሰው በማግስቱ አዲስ ምዕራፍ አይጀምር፤ የስህተት ደብተሩን ብቻ ይከልስ። ጫትን በተመለከተ እዚህ አገር ሳይነሣ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፦ ምርቃናው ሲመጣ ሁሉ ነገር የገባ ይመስላል፣ ገጹም ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል። ነገር ግን እንቅልፍ ይወስዳል፤ የተነበበው የሚቀመጠው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። ፈተናው ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው የሚሰጠው። ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ያለ ጫት፣ ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት፣ በደረቅ ጭንቅላት ተለማመዱ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቃችሁ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ በእጃችሁ አለ፦ የመውጫ ፈተና። ማለፊያው 50 ነው፤ 50 ያመጣና 78 ያመጣ ሁለቱም ተመርቀዋል፣ በቃለ መጠይቅ ላይ ግን እኩል አይደሉም። 2.6 ይዞ በመውጫ ፈተና 78 ያመጣ ሰው «አማካዬ የመጀመሪያ ዓመቴን ያሳያል፣ ይህ ደግሞ ስጨርስ ያወቅሁትን» ማለት ይችላል፤ የሚያምኑትም በምክንያት ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ነጥባችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዱ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ክፉ መምህርና ስለ ዶርም ጩኸት ያወራል። ሌላው አንገቱን ደፍቶ «ሰነፍ ነበርኩ» ይላል። ሁለቱም ጠያቂውን አያሳምኑም። መልሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ምን ሆነ፣ ምን ለወጣችሁ፣ ለውጡን ምን ያሳያል። ለምሳሌ፦ «በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት በቃል በመሸምደድ ነበር የማጠናው፤ አናቶሚና ባዮኬሚስትሪ ላይ ሲ አመጣሁ። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ጥያቄ እየሠራሁ ማጥናት ጀመርኩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አማካዬ 3.2 ነው።» ከዚያ ዝም ማለት ነው። ዝምታውን ለመሙላት ተጨማሪ ሰበብ መደርደር አያስፈልግም። ይህን ለመናገር ደግሞ የመጨረሻ ሁለት ዓመታችሁን አማካይ ለይታችሁ ማስላት አለባችሁ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ክሬዲቱን በነጥቡ አባዝቶ መደመር ነው፦ ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2።

በዚህ አካባቢ ሌላም ቆጣሪ አለ፤ አሜሪካ። ዲቪ የደረሰው፣ ወንድሙ የጠራው፣ ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ። እዚያ ያለው አቆጣጠር ፈጽሞ ሌላ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ማወቅ አለባችሁ። የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ፣ አምካስ የሚባለው፣ ከውጭ አገር የመጣን ውጤት በአማካዩ ስሌት ውስጥ አያስገባም። ሐረር ያመጣችሁት 2.4 እዚያ አይደመርም። 3.9 ቢሆንም አይደመርም። በዚያው ምክንያት ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በአሜሪካ ወይም በካናዳ ኮሌጅ የተወሰደ ትምህርት ይጠይቃሉ፤ 90 ክሬዲት የሚሉ ብዙ ናቸው። ባዮሎጂ፣ ጄነራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ከነላቦራቶሪያቸው፣ ባዮኬሚስትሪም ጭምር እዚያው መወሰድ አለባቸው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ዝቅ ባለ ግሬድ ለሄደ ሰው አሜሪካ አዲስ ነጭ ወረቀት ናት። ወረቀቱ የሚበላሸው ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። ሰው እንደደረሰ በሳምንት 60 ሰዓት እየሠራ፣ ለአገር ቤት ገንዘብ እየላከ፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሙሉ ጭነት ይመዘገባል። አንዱ ኮርስ ኤፍ ይሆናል። 12 ክሬዲት ወስዶ ስምንቱ ኤ፣ አራቱ ኤፍ ከሆነ አማካዩ 2.67 ነው። ከዚያ ወደ 3.5 ለመድረስ ሌላ 20 ክሬዲት ሙሉ በሙሉ ኤ ያስፈልገዋል። ኮርሱን ቢደግመው እንኳ አምካስ ሁለቱንም ይቆጥራል። ዲኦ የሚባለውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች ቀድሞ የተደገመውን ብቻ ይቆጥሩ ነበር፤ ያም በ2017 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። ዊዝድሮው ያደረጋችሁት፣ ማለትም በመሀል ያቋረጣችሁት ኮርስ፣ አማካይ ውስጥ ባይገባም ይታያል። እኔ የምመክረው በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ብቻ መውሰድ ነው፤ የቸኮለ ሰው እዚያ ብዙ ዓመት ይከፍልበታል።

የሚጠበቀው ከፍታም ትንሽ አይደለም። የተለመደውን የሐኪም ዲግሪ ወደሚሰጡት ኤምዲ ትምህርት ቤቶች የሚገቡት ሰዎች አማካይ ወደ 3.8 ይጠጋል፤ ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና ላይ ደግሞ 511 ወይም 512 አካባቢ ነው። ፈተናው ከ472 እስከ 528 ይሰጣል፣ መሀሉ 500 ነው፤ አራት ክፍል አለው፣ ከነእረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ዲኦ ትምህርት ቤቶች ከዚህ ዝቅ ባለ ይቀበላሉ፤ ሐኪምነቱ ግን ያው ሙሉ ሐኪምነት ነው። ኤምካትን በአንድ የፈተና ዓመት ከሦስት ጊዜ፣ በሕይወት ዘመን ከሰባት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም፣ የተወሰደው ሁሉ ይታያል፤ ስለዚህ «ልሞክረው» ተብሎ የሚገባበት ፈተና አይደለም። ለእኛ ልጆች በጣም የሚከብደው ክፍል ሳይንሱ አይደለም፣ የንባቡ ነው። በጥንቃቄ የተጻፈ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በየቀኑ ማንበብ ደግሞ ቪዛ ሳይመጣ ድሬ ሆኖ የሚጀመር ሥራ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ የግሪን ካርድ ባለቤት የክፍያ ድጋፍ ማመልከት ይችላል፤ ድጋፉ ለፈተናው ከመመዝገብ በፊት ነው የሚጠየቀው፣ ከተከፈለ በኋላ ገንዘብ አይመልስም።

ለአገር ውስጡም ለውጭውም ወረቀቱ አንድ ዓይነት ጣጣ አለው። በዚህ አካባቢ ዋናው ጣጣ ስም ነው። መሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርዱ ላይ በአንድ ኤም፣ ዲግሪው ላይ በሁለት፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ በሌላ አናባቢ ይሆናል። የልደት ዘመንም አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ተጽፎ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። ሦስቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ መጀመሪያ ሬጅስትራር፣ ከዚያ ሌላው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለመጠየቅ የወጪ መጋራት ጉዳያችሁ መጠናቀቁን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ወጥቶ አሥር ቀን ሲቀረው የሚጀመር ሥራ አይደለም። የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ያለው ሐረር ነው፣ ዋናው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ግን ከድሬ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ የትኛው ቢሮ እንደሚፈርም ደውላችሁ ሳታረጋግጡ ሚኒባስ አትሳፈሩ። ሁለት ኦፊሻል ጠይቁ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ታሽጎ፣ በማሸጊያው ላይ ማኅተም ተደርጎበት ሲሰጣችሁ፣ ውስጡ ያለውን ለማየት ከፈለጋችሁ ስቱደንት ኮፒውን እዩ እንጂ ፖስታውን አትክፈቱት፤ የተከፈተ ፖስታ ተቀባዩ ዘንድ ኦፊሻል መሆኑ ያበቃል።